ኮምፒዩተሩ የእናንተ ነው፤ ፈቃዱስ የማን ነው?



ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባና ስለ ሥራ ቅጥር ማኅበረሰባችን ብዙ ተነጋግሯል፤ ገናም ብዙ ይነጋገራል። ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከእነዚያ ጋር ሲመዛዘን ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከብዙ ቤተሰብ ኪስ ያለ አግባብ ገንዘብ የሚያስወጣ፣ የልጆቻችንንም ትምህርት የሚነካ በመሆኑ በዝምታ ሊታለፍ አይገባም። ጉዳዩ አሮጌ ኮምፒዩተር ሲታደስ ወይም የውስጥ ዕቃው ሲለወጥ፣ አብሮት የተገዛው የዊንዶውስ ፈቃድ፣ በዚህ አገር አነጋገር ሪሽዮኑ፣ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

የነገሩ መነሻ ይህ ነው። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ይህ ማለት ኮምፒዩተሩ በዚያ ቀን ሞተ ማለት አይደለም። ይሠራል፤ ግን ከቫይረስና ከሌባ የሚጠብቀው የየወሩ ማሻሻያ እንደ ቀድሞው አይደርሰውም። ኩባንያው ለግለሰቦች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚዘልቅ የአንድ ዓመት ማራዘሚያ በ30 ዶላር አቅርቧል። ከዚህ ሌላ የሚሰጠው መልስ «ወደ ዊንዶውስ 11 ተሻገሩ» የሚል ነው። መሻገሩ ራሱ፣ ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ላለው ሰው፣ በነጻ ነው። ችግሩ ዊንዶውስ 11 ሁሉንም ኮምፒዩተር የማይቀበል መሆኑ ነው። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ከዚህም በላይ በኩባንያው ዝርዝር ውስጥ የገባ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራ መሆን አለበት፤ ይህም ገበያ ላይ መውጣት የጀመረው በ2017 ነው። በየቤታችን ያለው፣ ከዘመድ የተወረሰ ወይም በእርዳታ የተገኘ ኮምፒዩተር ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያረጀ ነው።

እንግዲህ ቴክናዩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። «ሣጥኑን፣ ስክሪኑን፣ ዲስኩን እንተወው፤ ማዘርቦርዱንና ፕሮሰሰሩን ብቻ ልቀይርላችሁ፤ ከአዲስ መግዛት በግማሽ ዋጋ ይቀልላችኋል» ይላል። ምክሩ በራሱ መጥፎ አይደለም። እኔም ብዙ ጊዜ እንዲያው ነው የምመክረው። ነገር ግን ዕቃው ተለውጦ ኮምፒዩተሩ ሲበራ በስክሪኑ ጥግ ላይ «ዊንዶውስን አክቲቬት አድርጉ» የሚል ደብዛዛ ጽሑፍ ይመጣል። አባት ተመልሶ ይሄዳል። ቴክናዩም «ፈቃዱ ጠፍቷል፤ አዲስ መግዛት አለብህ» ይለዋል። «እንዴት ይጠፋል? ስገዛው ከፍዬበት የለም ወይ?» ቢል የሚያስረዳው የለም። ቋንቋውም አይረዳውም፤ የሚያፍርም አለ። ከፍሎ ይወጣል።

አንድ የማውቀው ቤተሰብ ላይ የደረሰው ከዚህም የባሰ ነው። የተቀየረላቸው ሃርድ ዲስክ ብቻ ነበር። ባለሱቁ ግን ለዲስኩ አስከፍሎ፣ ለሥራው አስከፍሎ፣ በሦስተኛ መስመር ላይ ደግሞ «አዲስ ሪሽዮን» ብሎ አስከፍሏል። ያ ሦስተኛው መስመር ፈጽሞ መኖር አልነበረበትም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ዊንዶውስን የሸጠ ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር አልሸጠም። በሱቅ ተሠርቶ ያለቀ ኮምፒዩተር ስትገዙ አብሮ የሚመጣው ዊንዶውስ ኦኢኤም የሚባለው ዓይነት ነው። ዋጋው ለፋብሪካው ረከስ ያለ ነው፤ በዚህም ምክንያት ሁኔታ ታስሮበታል። ፈቃዱ የተሰጠው ለእናንተ ሳይሆን ለዚያች ኮምፒዩተር ነው፤ ከእርሷ ጋር ይኖራል፣ ከእርሷ ጋር ይሞታል። ኮምፒዩተሩን ለእህታችሁ ብትሰጡ ፈቃዱ አብሮ ይሄዳል። ፈቃዱን ብቻ ነቅላችሁ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ማዛወር ግን አትችሉም። በሌላ በኩል ለብቻው ተገዝቶ የሚጫን፣ የችርቻሮ ፈቃድ የሚባል አለ። ይኸኛው ውድ ነው። በአሜሪካ የተተመነለት ዋጋ ለቤት የሚሆነው «ሆም» 139 ዶላር፣ «ፕሮ» የሚባለው 199.99 ዶላር ነው። ግን ከአሮጌው ኮምፒዩተር ላይ አጥፍታችሁ የራሳችሁ በሆነ አዲስ ኮምፒዩተር ላይ መጫን ይፈቀድላችኋል። ሦስተኛው ለድርጅቶችና ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚሰጠው የጅምላ ፈቃድ ነው። ወደ እርሱ እመለሳለሁ፤ በማኅበረሰባችን ላይ ትልቁን ጥፋት የሚያደርሰው እርሱ ነውና።

ታዲያ «ያችው ኮምፒዩተር» የምትባለው እስከ ምን ድረስ ብትለወጥ ነው? በኩባንያው ደንብ ራም ብትጨምሩ፣ ሃርድ ዲስክ ብትለውጡ፣ ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ የኃይል ሣጥን ብትቀይሩ ኮምፒዩተሯ ያችው ናት፤ ፈቃዷም አይነካም። ማዘርቦርዱ፣ በዕብራይስጥ ሉዋሕ ኤም የሚሉት፣ ለማሻሻል ተብሎ በሌላ ከተተካ ግን «አዲስ ኮምፒዩተር ሆነ» ይባላል፤ የኦኢኤም ፈቃዱም ከአሮጌው ማዘርቦርድ ጋር ተቀበረ ማለት ነው። አንድ ልዩነት አለ፤ ይህንን ልብ በሉ። ማዘርቦርዱ የተቀየረው ተበላሽቶ ከሆነና የተተካው በዚያው ዓይነት ወይም ፋብሪካው በዋስትናው በሚሰጠው ተመጣጣኝ ከሆነ፣ ፈቃዱ ይቀጥላል። ስለሆነም ቴክናዩ በሐሽቦኒቱ ላይ «ተሻሽሏል» ብሎ መጻፉና «ተበላሽቶ ተተክቷል» ብሎ መጻፉ አንድ አይደለም። የሆነውን ነገር እንደሆነው ይጻፍ።

ወደ ዲስኩ ልመለስ። ዊንዶውስ 8 ከወጣበት ከ2012 ጀምሮ ትላልቆቹ ፋብሪካዎች የፈቃዱን ቁልፍ በወረቀት ለጥፈው መስጠት ትተው በማዘርቦርዱ ውስጥ ማተም ጀምረዋል። ዲስኩ ወጥቶ ሌላ ቢገባ፣ ያንኑ ዓይነት ዊንዶውስ፣ «ሆም» ከነበረ «ሆም»፣ ሲጫን ከማዘርቦርዱ ላይ ቁልፉን አንብቦ ራሱ ይከፈታል። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ደግሞ የኮምፒዩተሩ መታወቂያ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይመዘገባል፤ ዲጂታል ፈቃድ ይሉታል። ስለዚህ ዲስክ ለውጦ ለጫነበት ድካሙ ያስከፍል፤ ይገባዋል። ለፈቃድ ግን ማስከፈል የራሳችሁን መልሶ ለራሳችሁ መሸጥ ነው።

ይህ ሁሉ ቁጥጥር ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1990ዎቹ ዓመታት ዊንዶውስ ሲጫን ከዲስኩ ሽፋን ላይ ያለው ቁጥር ይገባ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማን ምን እንደቀየረ የሚጠይቅ አልነበረም። አክቲቬሽን የሚባለው ነገር ለቤት ተጠቃሚ የመጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ በወጣበት በ2001 ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ፕሮግራሙ የኮምፒዩተሩን ዕቃዎች ቆጥሮ አንድ አሻራ ይሠራና ለኩባንያው ይልካል፤ ብዙ ዕቃ ሲለወጥ አሻራው አልገጥም ይላል።

አሁን የራሴን አስተያየት ልስጥ። ደንቡ ምን እንደሆነ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ደንቡ ትክክል ነው ብሎ መቀበል ሌላ ነው።

አባቶቻችን አንጥረኞች ነበሩ። በጎንደር ገጠር አንድ ገበሬ ከቤተ እስራኤል አንጥረኛ ማረሻ ሲገዛ፣ ሞፈሩ በተሰበረ ጊዜ ማረሻውን ነቅሎ በአዲሱ ሞፈር ላይ ያስገባ ነበር። «ይህ ማረሻ የተሸጠልህ ለዚያ ሞፈር ብቻ ነው፤ ሞፈር በቀየርህ ቁጥር ሌላ ማረሻ ግዛ» የሚል አንጥረኛ ቢኖር ኖሮ ገበሬው ይስቅበት ነበር። ኩባንያው ለዚህ መልስ አለው። በውሉ ላይ ፕሮግራሙ አልተሸጠላችሁም፤ እንድትጠቀሙበት ፈቃድ ተሰጣችሁ እንጂ ይላል። እኛ ደግሞ ይህን ልዩነት ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ርስት ያለው ሰውና በሰው መሬት ላይ የሚያርስ ጭሰኛ አንድ አፈር ይቆፍራሉ፤ አንዱ ግን ሂድ ሲባል ይሄዳል። ቤተ እስራኤል ለብዙ ዘመን ርስት ተነፍጎ በሰው መሬት ላይ የኖረ ሕዝብ ነውና፣ «ትጠቀማለህ እንጂ የአንተ አይደለም» የሚለውን ቋንቋ ለመረዳት ጠበቃ አያስፈልገንም።

ይህን ስል ስሜት ብቻ አይደለም። ሌሎች አገሮች ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስደውታል። የጀርመን ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት በጁላይ 2000 ማይክሮሶፍት የኦኢኤም ቅጂዎች ያለ አዲስ ኮምፒዩተር እንዳይሸጡ ያደረገው ማሰሪያ ውሉን ያልፈረመውን ሦስተኛ ሻጭ ሊያስረው አይችልም ብሎ ፈርዷል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በጁላይ 2012፣ ዩዝድሶፍት የተባለ ድርጅትና ኦራክል በተከራከሩበት ጉዳይ፣ ጊዜው ላልተወሰነ አገልግሎት ተከፍሎበት የተሰጠ የፕሮግራም ቅጂ እንደ ተሸጠ ዕቃ ይቆጠራል፤ ገዢው የራሱን ቅጂ ከጥቅም ውጭ እስካደረገ ድረስ ለሌላ ቢሸጠው ባለቤቱ ሊከለክል አይችልም ብሏል። እነዚህ ፍርዶች እስራኤልን አይገዙም። ግን ደንቡ ከሰማይ የወረደ አለመሆኑን ያሳያሉ፤ በሌላ አገር ዳኛ ፊት ቀርቦ የተሸረፈ ደንብ ነው።

ወደ ሦስተኛው ዓይነት፣ ወደ ጅምላው ፈቃድ፣ እንምጣ። በ2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሦስትና አራት ልጆች በአንዲት ስልክ ዙሪያ ተቀምጠው መማር የሞከሩባቸውን ቤቶች ሁላችንም አይተናል። ከዚያ ወዲህ ድርጅቶችና መሥሪያ ቤቶች ያረጁ ኮምፒዩተሮቻቸውን ለማትናሶችና ለቤተሰቦች መስጠታቸው የተለመደ ሆነ። መልካም ነው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን በመሥሪያ ቤት ያለ ኮምፒዩተር ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በጅምላ ፈቃድ ነው፤ ያ ፈቃድ ደግሞ የድርጅቱ እንጂ የኮምፒዩተሩ አይደለም። ኮምፒዩተሩ በስጦታ ሲወጣ ፈቃዱ እዚያው ይቀራል። ከዚህም ሌላ፣ ብዙ ድርጅቶች በሚጠቀሙበት አሠራር ኮምፒዩተሩ ቢያንስ በየ180 ቀኑ ከድርጅቱ ሰርቨር ጋር መገናኘት አለበት፤ ካልተገናኘ አክቲቬሽኑ ይወርዳል። አስሉት እንግዲህ። የርክክቡ ሥነ ሥርዓት ይደረጋል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ንግግር ይደረጋል፤ ስድስት ወር ሳይሞላ ሥነ ሥርዓቱ ከተረሳ በኋላ በአንዲት እናት ሳሎን ውስጥ ያ ደብዛዛ ጽሑፍ ብቅ ይላል። ልጁም «እማዬ፣ ይኼ የተሰረቀ ነው እንዴ?» ይላታል። ስጦታ ተቀብላ ሌባ የመሰለች እናት! ይህ ለእኔ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የክብር ጉዳይ ነው።

መድኃኒቱ ደግሞ ከባድ አይደለም። ያው ኮምፒዩተር ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱ የኦኢኤም ፈቃድ ኖሮት ሊሆን ይችላል፤ በጎኑ ላይ የተለጠፈው ምልክት ወይም በማዘርቦርዱ የታተመው ቁልፍ ያሳያል። ሰጪው ድርጅት የራሱን ዊንዶውስ አጥፍቶ የፋብሪካውን መልሶ ቢጭንበት ሁሉም ነገር ሕጋዊ ይሆናል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የዊንዶውስ 7 እና የዊንዶውስ 8 ቁልፎች ለአዲሱ ዊንዶውስ መክፈቻ ሆነው ለዓመታት ሲያገለግሉ ቆይተው ኩባንያው በሴፕቴምበር 2023 መንገዱን ዘግቶታል። ስለዚህ በጣም አሮጌ ምልክት የተለጠፈበትን ኮምፒዩተር «ፈቃድ አለው» ብሎ ማስረከብ ዛሬ ግማሽ እውነት ነው። እኔ የምለው፣ ማንኛውም ሰጪ አካል፣ ዒሪያም ሆነ ማኅበር ወይም ኩባንያ፣ ከእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ጋር በአማርኛና በዕብራይስጥ የተጻፈ አንድ ወረቀት ያያይዝ፤ ፈቃዱ ምን ዓይነት ነው፣ ዊንዶውስ 11ን ይቀበላል ወይስ አይቀበልም፣ ሲበላሽ ማን ይጠራል። የማትናሶቻችን ኃላፊዎችም ይህ ወረቀት ሳይቀርብ አንረከብም ለማለት ድፍረት ይኑራቸው። የተሰጠን ሁሉ በምስጋና ብቻ እንድንቀበል የሚጠበቅብን ዘመን አልፏል።

«ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል? በኢንተርኔት ላይ ቁልፉ በጥቂት ሰቅል ይሸጥ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ወጣቶቻችን ይህን ደጋግመው ይነግሩኛል። በእርግጥ ይሸጣል። ከእነዚያ ቁልፎች ብዙዎቹ ከድርጅቶች የጅምላ ፈቃድ ወይም ከተጣሉ ኮምፒዩተሮች የተለቀሙ ናቸው፤ ዛሬ ይከፍታሉ፣ ኩባንያው በደረሰባቸው ቀን ይዘጋሉ። ሻጩንም ያን ጊዜ አታገኙትም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ሰብሮ የሚከፍት ፕሮግራም ነው። እርሱ ገና ሲጫን «አንቲቫይረሱን አጥፋው» ይላል። ሌባ መጥቶ ውሻህን እሰርልኝ ቢልህ ምን ታስባለህ? የባንክ ሒሳባችሁንና የቢቱዋሕ ለኡሚ ፋይላችሁን የምትከፍቱበት ኮምፒዩተር ላይ ያንን አታስገቡ። ደግሞም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ አክቲቬት ያልሆነ ዊንዶውስ ኮምፒዩተሩን አይዘጋውም። ጽሑፉ ያስጠላል፣ አንዳንድ ሴቲንግ አይቀየርም፤ የልጁ የቤት ሥራ ግን ይሠራል። በዚያው ይቆይ ማለቴ አይደለም፤ ውሉ አይፈቅድም። ነገር ግን በድንጋጤ በዚያው ቀን ገንዘብ ለመክፈል የሚያጣድፍ ነገር የለም። ሁለትና ሦስት ቀን ወስዳችሁ ሰው ጠይቁ።

ከመክፈላችሁ በፊትም የሚሞከር አለ። ማዘርቦርድ የመቀየር ሐሳብ ካላችሁ፣ ከመቀየሩ በፊት ዊንዶውሱን ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ጋር አያይዙት። ዕቃው ከተለወጠ በኋላ በሴቲንግ ውስጥ አክቲቬሽን በሚለው ቦታ ችግር ፈቺውን ከፍታችሁ «በቅርቡ ዕቃ ቀይሬአለሁ» የሚለውን ብትመርጡ፣ ፈቃዱ የችርቻሮ ከሆነ ሊመለስ ይችላል። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ቴክናዩ የሚጽፋት አንዲት አጭር ትእዛዝ አለች፤ ኦኢኤም፣ ችርቻሮ ወይም ጅምላ መሆኑን በግልጽ ታወጣለች። «አሳየኝ» በሉት። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። ያላሳየ ቴክናይ አንድም አያውቅም፣ አንድም እንድታውቁ አይፈልግም።

ዊንዶውስ 11 አልቀበል ያለው ኮምፒዩተር ያላቸው ደግሞ ሊኑክስን ይሞክሩ። በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ የጀመረው ነው፤ ፈቃዱ ከማዘርቦርድ ጋር አይታሰርም፣ ለጎረቤት ቢሰጥም ወንጀል የለበትም። ዕብራይስጥም አማርኛም ይጻፍበታል፤ በኢንተርኔት የሚሠራ የትምህርት ቤት ሥራ ሁሉ ይሠራበታል። መምህራንን በማሠለጥንበት ጊዜ የሚገጥመኝ ተቃውሞ «ልጆቹ አልለመዱትም» የሚል ነው። ልጆቹ በሳምንት ይለምዱታል፤ የሚቸገሩት መምህራኑ ናቸው። ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ፕሮግራም የሚጠይቅ ትምህርት ላለው ልጅ ግን አይበቃም፤ ይህንን አልደብቅም።

በመጨረሻ ስለ ሕጉ። በዚህ አገር በ1981 የወጣ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ አለ፤ ሻጭ ገዢን በዋና ጉዳይ ላይ ማሳሳት ክልክል ነው ይላል። የጅምላ ፈቃድ ያለውን ኮምፒዩተር «ከነሪሽዮኑ» ብሎ የሸጠ ወይም ለማይጠፋ ፈቃድ ያስከፈለ ሰው ይህን ሕግ ሊጥስ ይችላል። ኮምፒዩተሩን የገዛችሁት በስልክ ተነጋግራችሁ ከሆነ ደግሞ፣ አልያ ካደረገ አምስት ዓመት ያልሞላው ዖሌ ሓዳሽ ወይም ዕድሜው 65 የሞላ ሰው ግዢውን ለመሰረዝ ያለው ጊዜ እንደ ሌላው ሰው 14 ቀን ሳይሆን አራት ወር ነው። በስልክ ሻጮች የተጨነቁ ወላጆቻችን ይህን መብት አያውቁትም። ባለሱቁ አልመልስም ካለም ጠበቃ ሳይያዝ የሚኬድበት የትንንሽ ክሶች ፍርድ ቤት አለ። ለዚያ ግን ወረቀት ያስፈልጋል፤ ሐሽቦኒት ሳትይዙ ከሱቅ አትውጡ።

ወደ ሱቅ ስትሄዱ የምትጠይቁት በዕብራይስጥ ይህ ነው፦ «ኤይዜ ሱግ ሪሽዮን ዜ? ቬ-ኢም አኒ ማሕሊፍ ሉዋሕ ኤም፣ ሁ ኒሽአር?» ትርጉሙም «ይህ ምን ዓይነት ፈቃድ ነው? ማዘርቦርድ ብቀይር ይቀራል ወይ?» ማለት ነው። ሻጩ የሰጣችሁን መልስ በሐሽቦኒቱ ላይ በእጁ ይጻፈው፤ ይፈርምበትም።